ሙዚቃ ሳልማር የሙዚቃ ክበብ ተሰጠኝ

የደረሰን ደብዳቤ፦

«አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህርት ነኝ። የኪነ ጥበብ ክበቡን ይዞ የነበረው መምህር ሲዛወር ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። ልጆቹን እወዳቸዋለሁ፣ ግን ሙዚቃ አልተማርኩም፣ አንድም መሣሪያ አልጫወትም። አሥራ ሁለት ተማሪዎች አሉኝ፤ ሦስት ክራር፣ ሁለት ማሲንቆ፣ አንድ ዋሽንት፣ ሁለት ከበሮ፣ አራት ድምፃዊ። ግንቦት መጨረሻ አዳማ ላይ የትምህርት ቤቶች የባህል ሙዚቃ ውድድር አለን። አምስት ሳምንት ቀርቶናል። የተሰጠን 12 ደቂቃ ነው፣ አምስት ዘፈን አዘጋጅተናል፣ ርእሰ መምህሩም ለልብስ ገንዘብ ፈቅደዋል። ችግሩ እያንዳንዳቸው ለብቻ ሲጫወቱ ጎበዞች ናቸው፣ አብረው ሲጀምሩ ግን ጫጫታ ይሆናል። ዋናው ክራር ተጫዋቻችን ሠርግ ላይ ስለሚሠራ የቅዳሜውን ልምምድ ያረፍዳል፣ ሲመጣ ደግሞ ሌሎቹን ‹እናንተ አትችሉም› እያለ ያንቋሽሻል። አንዱ ከበሮ መቺ ዘፈኑ መሀል ላይ ፍጥነት እየጨመረ ይሄዳል። ርእሰ መምህሩ ‹ይቀየር› ብለውኛል፣ ልጁ ግን ከሁሉም ቀድሞ የሚመጣና ክፍሉን ጠርጎ የሚጠብቀኝ ነው። በዚህ ላይ ዋና ድምፃዊቷን አባቷ ‹አዝማሪ አላሳድግም› ብለው ከባለፈው ሳምንት ጀምሮ ከልክለዋታል። የቱን ልያዝ?»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ከበሮ መቺውን ልጅ እንዳትቀይሪው። ምክንያቱን ወደ ታች እነግርሻለሁ። ያስቀደምኩት ይህን ጽሑፍ ሳትጨርሺ ነገ ጠዋት ርእሰ መምህሩ ቢሮ እንዳትገቢ ብዬ ነው።

ሙዚቃ አለማወቅሽ ያስጨነቀሽ ይመስላል። እኔን ያን ያህል አላስጨነቀኝም። ልጆቹ መጫወት ይችላሉ ብለሻል። እንግዲህ ጣታቸውን የት እንደሚያሳርፉ የሚነግራቸው ሰው አልጎደላቸውም። የጎደላቸው ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ የሚሰማቸው ሰው ነው። ጆሮ ደግሞ አለሽ፤ «ጫጫታ ይሆናል» ብለሽ የጻፍሽው ሰምተሽ ነው።

ጫጫታው ከየት እንደሚመጣ ግን ማወቅ አለብሽ። የታሪክ መምህርት ስለሆንሽ ከታሪኩ ልጀምርልሽ። ማሲንቆ የአዝማሪ ነው፤ አንድ ሰው ይዞት እየዞረ፣ እየዘፈነበት፣ ራሱን በራሱ እያጀበ የሚኖርበት መሣሪያ። ዋሽንት ሜዳ ላይ ከብት የሚጠብቅ እረኛ ብቻውን ሆኖ የሚነፋው ነው። ክራርም ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ታቅፎት የሚያንጎራጉርበት ነበር። እነዚህን ሁሉ አንድ መድረክ ላይ ደርድሮ እንደ ኦርኬስትራ ማጫወት የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው። ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተቋቋመው እንደ ፈረንጆቹ በ1963 ነው። የመሠረተው ግብፅ የተወለደው የሙዚቃ ደራሲ ሃሊም ኤል ዳብህ ሲሆን በኋላ ተስፋዬ ለማ መርቶታል። ገና ስድሳ ዓመት ትንሽ ያለፈው ነገር ነው። ልጆችሽ የተቸገሩት ሰው ለብቻው ሲጫወትባቸው የኖሩ መሣሪያዎችን አንድ ላይ ስለያዙ ነው። ይህን ለእነሱም ንገሪያቸው፣ ቀለል ይላቸዋል፤ እስከ ዛሬ ጥፋቱን አንዱ በሌላው ላይ ሲያላክኩ ነው የቆዩት።

እንግዲህ ወደ ቅኝቱ። «ቃኝተናል» ይሉሻል፣ ግን እያንዳንዱ የቃኘው ለራሱ ጆሮ ነው። ዋሽንት አንዴ ከተበሳ ተበስቷል። ሸምበቆው የሰጠውን ድምፅ ነው የሚያወጣው፣ ተጫዋቹ በትንፋሹ ትንሽ ከፍ ዝቅ ከማድረግ በቀር ሊለውጠው አይችልም። ክራርና ማሲንቆ ግን ይጠብቃሉ፣ ይላላሉ። ስለዚህ ሁሉም ወደ ዋሽንቱ ይምጣ። ልጁ አንድ ድምፅ ረዘም አድርጎ ይንፋ፣ ሌሎቹ አሥራ አንዱ መሣሪያቸውን መሬት አስቀምጠው ያንኑ ድምፅ በአፋቸው ያንጎራጉሩት፣ ደረታቸው ውስጥ እስኪገባ ድረስ። ከዚያ አንደኛው ክራር ይቃኝ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ቀጥሎ ሦስተኛው፣ በመጨረሻ ማሲንቆዎቹ። አንዱ ሲቃኝ ሌላው አይነካካ። የመጀመሪያው ቀን ግማሽ ሰዓት ይፈጅባችኋል፣ ሁሉም ይሰለቻል፣ አንቺም ጊዜው የባከነ ይመስልሻል። ግድ የለም፣ እየዋለ እያደረ ያጥራል።

ቀጥሎ የምልሽ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። አንድ ሙሉ ሳምንት ዝቅ ባለ ድምፅ ብቻ ይለማመዱ፣ ሕፃን ተኝቶበት ባለ ቤት ውስጥ እንደሚጫወት ሰው። ሕጉ አንድ ነው፦ ዋሽንቱ ካልተሰማህ አንተ በዝተሃል ማለት ነው። ያላችሁ አንድ ዋሽንት ነው፣ በዙሪያው አሥራ አንድ ሰው አለ፣ ልጁ እየነፋ ራሱን እንኳ ሳይሰማ ይሆናል የከረመው። ሦስቱን ክራሮችም እያቸው። ሦስቱም ያንኑ ዜማ እየመቱ ነው ብዬ እገምታለሁ። አንዱ ዜማውን ይያዝ፣ አንዱ ወፍራሞቹን ክሮች ብቻ ይምታ፣ ሦስተኛው ድምፃውያኑ ትንፋሽ ሲወስዱ ብቻ ይግባ። ልጆች ዝም ማለትን እንደ ድርሻ ቶሎ አይቀበሉትም፤ ዝም በል የተባለው ልጅ የተቀጣ ይመስለዋል፣ እናቱ እያየችው መሣሪያ ይዞ ቁጭ ማለት ያሳፍረዋል። ስለዚህ በየዘፈኑ ዝም የሚለውን ሰው አቀያይሪ። ለጥቂት ዓመታት የሰፈር ልጆችን የሙዚቃ ቡድን ይዤ ነበር። ያኔ ነው ያስተዋልኩት፣ «መስማማት» የምንለው ቃል የወጣው ከ«መስማት» ነው። ይህን ካየሁ በኋላ ልጆቹን «ተስማሙ» ስላቸው ምን እያልኳቸው እንደሆነ ለእኔም ግልጽ ሆነልኝ።

ስልክሽን ተጠቀሚበት። ልምምዱን ቅረጪ፣ ስልኩን ግን ከልጆቹ መሀል ሳይሆን ዳኞች ሊቀመጡ በሚችሉበት ርቀት ላይ አስቀምጪው። በዚያው ቀን አታሰሚያቸው። ደክሟቸዋል፣ ጣት መቀሳሰር ይጀመራል። በማግስቱ ከልምምድ በፊት አሰሚያቸው፣ እያንዳንዱም ስለራሱ መሣሪያ ብቻ ይናገር።

አምስት ዘፈን ለ12 ደቂቃ በጣም ይበዛል። ሦስት ይብቃችሁ። ወደ መድረክ መውጫውና መውረጃው ከ12 ደቂቃው ይቆጠር እንደሆነ አዘጋጆቹን ጠይቂ። የነጥብ መስጫውን ቅጽም እንዲሰጡሽ ለምኚ፤ ለቅንብር ስንት፣ ለአለባበስ ስንት፣ ለመድረክ አያያዝ ስንት እንደተያዘ ሳታውቂ በጭፍን አትልፊ። ዘፈኖቹን ስትመርጪ ቅኝታቸውን አስቢ። ዜማዎቻችን የሚሠሩባቸው አራቱ የድምፅ ስልቶች ወይም ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ የየራሳቸው ድምፅ አላቸው፣ ክራር ደግሞ ያለው አምስት ወይም ስድስት ክር ብቻ ነው። ከትዝታ ወደ ባቲ ለመሻገር እንደገና መቃኘት ያስፈልጋል፣ ያውም መድረክ ላይ፣ ሕዝብ እያየ፣ እጅ እየተንቀጠቀጠ። ለዋሽንቱም ሌላ ዋሽንት ሊያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ ወይ ሦስቱንም ዘፈን ከአንድ ቅኝት ምረጪ፣ ወይ ደግሞ ሦስት ክራር ስላላችሁ አንዱን አስቀድማችሁ በሁለተኛው ቅኝት ቃኝታችሁ አስቀምጡት፣ ያ ዘፈን ሲደርስ እሱ ብቻ ይጫወት።

አሁን ከበሮ መቺው። ልጁን ጠይቂው፣ ከበሮ የት ነው የተማርከው በይው። ሰንበት ትምህርት ቤት ካለሽ መልሱን አገኘሽ። በማኅሌቱም በመዝሙሩም ከበሮ በዝግታ ይጀመርና እየሞቀ፣ እየፈጠነ ይሄዳል። ሠርግ ቤትም እንደዚያው ነው፣ ዙሩ ይከራል። ልጁ ያደገበትን ነው የሚመታው። እዚህ ጋ ሌላ ነው ብሎ የነገረው ሰው የለም፣ «አትፍጠን» ብቻ ነው የሚባለው፣ አትፍጠን የተባለ ልጅ ደግሞ ይደነግጥና ይባስ ይፈጥናል።

ከዚያ ፈትሺው። ስልክሽ ላይ የሜትሮኖም አፕ አውርጂ፣ ምቱን በእኩል ፍጥነት ቀጭ ቀጭ እያለ የሚቆጥር ነው፣ በነፃ ይገኛል። ልጁ ብቻውን ከአፑ ጋር ሁለት ደቂቃ ይምታ። ብቻውን ሆኖ ካልፈጠነ የሚያስፈጥነው ሌላ ሰው ነው። እኔ ክራሩን ነው የምጠረጥረው። ሠርግ የለመደ እጅ ሰው ሲጨፍር ማየት ይፈልጋል፣ ወደ ፊት ይገፋል፣ ከበሮ መቺው ዘገየሁ ብሎ ሊደርስበት ይሮጣል፣ ሰው የሚሰማው ግን ጎልቶ የሚወጣውን ከበሮ ስለሆነ ወቀሳውን የሚቀበለው እሱ ይሆናል። ብቻውንም ከፈጠነ ደግሞ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ አምስት ደቂቃ ከአፑ ጋር ይምታ፣ በእግሩ መሬቱን እየረገጠ። ሁለት ከበሮ አላችሁ፣ እሱ ዋናውን ምት ብቻ ይያዝ፣ ማስጌጡን ለጓደኛው ይተውለት።

ይህን ጠባዩን ግን ጨርሰሽ አትግደይበት። የመጨረሻው ዘፈን ላይ ፍጥነት የሚጨመርበትን ቦታ ሁላችሁም አብራችሁ ወስኑ። «ሁለተኛው አዝማች ሲያልቅ አንተ ትመራለህ፣ እኛ እንከተልሃለን» በይው። ክፍል ጠርጎ የሚጠብቅሽ ልጅ ይህን ሲሰማ ፊቱን ታዪዋለሽ። ለርእሰ መምህሩ ደግሞ ሁለት ሳምንት ይስጡኝ በያቸው፣ ከዛሬው ቀረጻና ከሁለት ሳምንት በኋላው ቀረጻ ጋር ተመልሰሽ ግቢ።

ክራር ተጫዋቹን ለብቻው አናግሪው። ሰው ፊት አይሆንም። ከፋሲካ በኋላ ያለው ጊዜ ሠርግ የሚበዛበት ነው፣ በጾሙ ምክንያት የቆየው ሁሉ አሁን ነው የሚደገሰው። ልጁ ቅዳሜና እሑድ የሚያገኘው ብር ቤታቸው ውስጥ ምን እንደሚሸፍን አታውቂም፣ ጠይቂው። የቅዳሜውን ልምምድ ወደ ማክሰኞና ሐሙስ አዙሪው፣ ማርፈዱ ግማሹ በዚህ ይቃለላል። ስድቡ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ አታባብይው። «እዚህ ክፍል ውስጥ ማንም ማንንም አያንቋሽሽም፣ አንተም ብትሆን» በይው፣ ረጋ ብለሽ፣ አንድ ጊዜ። ቀጥለሽ ኃላፊነት ስጪው፤ ሌሎቹን ሁለት ክራሮች የሚያስቃኘው እሱ ይሁን፣ በውድድሩ ቀን እነሱ ሳይቃኙ ከወጡ የሚጠየቀው እሱ ነው። ችሎታ ኖሮት ለማን እንደሚያካፍለው ያላወቀ ልጅ ብዙ ጊዜ ወደ ንቀት ይሄዳል፣ አይቻለሁ። ይህን ሁሉ አድርገሽ ካልተመለሰ በሁለት ክራር ሂዱ። የምሬን ነው። ከዛሬ ጀምሮም ማናቸውም ዘፈን በአንድ ልጅ ብቻ የቆመ እንዳይሆን አድርጊ፣ ልጅ ይታመማል፣ ፈተና ይገጥመዋል፣ ቤቱ ሐዘን ይገባል።

ስለ ልብሱ ብዙ አልልም። ሽሮ ሜዳ ሄደሽ አሥራ ሁለት አዲስ ልብስ ከመግዛትሽ በፊት ልጆቹን ቤታቸው ያለውን ጠይቂ። ለበዓል የሚለበስ ነጭ የአገር ልብስ በብዙ ቤት አለ፣ የጎደለውን ተዋሱ። ከተረፈው ብር ላይ ለመለዋወጫ ክርና ለመንገድ የሚሆን እንዲፈቅዱልሽ ርእሰ መምህሩን አስፈቅጂ።

መንገዱ ራሱን የቻለ ዝግጅት ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ አዳማ 1,700 ሜትር አካባቢ፣ ግንቦት ላይ ደግሞ ሙቀቱ ሌላ ነው። ዋሽንት ሲሞቅ ድምፁ ከፍ ይላል። የክራሩ ናይለን ክር ግን በሙቀት ላላ ብሎ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ጠዋት ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ላይ የነበሩት እዚያ ስትደርሱ ተለያይተው ታገኟቸዋላችሁ። የከበሮው ቆዳም እንደ አየሩ ይወጠራል፣ ይረግባል። ማልዳችሁ ውጡ፣ ከመድረኩ ሰዓት ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ፣ መሣሪያዎቹ ከቦርሳ ወጥተው ጥላ ውስጥ አየሩን ይልመዱ፣ መቃኘት ከዚያ በኋላ ነው። መለዋወጫ ክር፣ ለማሲንቆው ጭራ የሚቀባ ዕጣን፣ ለድምፃውያኑ ውኃ ያዙ። መሣሪያ ጣሪያ ላይ አይጫንም፣ ልጅ እቅፍ ውስጥ ነው የሚሄደው።

ይህን የማጠብቅብሽ ደርሶብኝ ስለማውቀው ነው። ተማሪ ሳለሁ በኪነት ቡድን ውስጥ ማሲንቆ እጫወት ነበር። ለውድድር ወደ ሌላ ከተማ ስንሄድ መሣሪያዎቹን ከሻንጣ ጋር አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ጫንናቸው። መንገድ ላይ ዝናብ መጣ። ስንደርስ የማሲንቆዬ ጭራ ረግቦ ገመድ መስሏል፣ የከበሮው ቆዳ ሲመቱት አይጮኽም። ይመራን የነበረው መምህር የሌላ ትምህርት ቤት ልጆች እያዩን ጮኸብን። ረጅም ጩኸት ነበር። ከዚያ መድረክ ወጣን። ምን እንደተጫወትን ዛሬ አላስታውስም፣ ስንተኛ እንደወጣንም ረስቼዋለሁ። የጮኸብንን ግን ቃል በቃል እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ፣ ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ ማሲንቆ ሰው ፊት አልያዝኩም።

በዚያን ቀን ጠዋት የሆነ ነገር መበላሸቱ አይቀርም። ክር ይበጠሳል፣ አንዱ ነጠላውን ይረሳል፣ ተራችሁ ይቀየራል። ያኔ ልጆቹ የሚያዩት ያንቺን ፊት ነው። ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ። ወደ አንድ ጥግ ውሰጃቸው፣ ዋሽንቱ ያንን አንዱን ድምፅ ይንፋ፣ ሌሎቹም እንደ መጀመሪያው ሳምንት ያንጎራጉሩት። ልጆቹ የሚያውቁት ነገር ነው፣ ወደሚያውቁት ነገር ሲመለሱ ይረጋጋሉ።

የድምፃዊቷን አባት ወደ መጨረሻ ያመጣሁት ስለሚያንስ አይደለም። እሳቸው ጋ ስትሄጂ «አዝማሪ» የሚለውን ቃል ልታርሚ አትሂጂ። ቃሉ በአገራችን ለረጅም ዘመን መናቂያ ሆኖ ኖሯል፣ ታሪኩን አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ፣ ግን ሳሎናቸው ተቀምጠሽ ስለ አዝማሪ ክብር ብታስተምሪያቸው ልጅቷ አትመለስም። አባት የሚፈራው የሚታይ ነገር ነው፤ ስንት ሰዓት ትወጣለች፣ ከማን ጋር ትመጣለች፣ አዳማ ታድራለች ወይ፣ ትምህርቷስ። ለእነዚህ መልስ ይዘሽ ሂጂ። ልምምዱ 11 ሰዓት ላይ እንደሚያልቅና እስከ ቤቷ የሚሸኛት ሰው እንዳለ፣ አዳማ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች በዚያው ቀን ደርሳችሁ እንደምትመለሱ፣ ውጤቷ ከወረደ አንቺ ራስሽ እንደምታስቀሪያት ንገሪያቸው። ብቻሽን አትሂጂ፣ እሳቸው የሚያከብሩት አንድ ትልቅ ሰው አብሮሽ ይኑር። ልጅቷ ባለችበት አታናግሪያቸው። ልጁ ፊት እንቢ ያለ አባት ቃሉን ማጠፍ ይከብደዋል። አንድ ቀን ልምምድ መጥተው እንዲያዩ ጋብዢያቸው። ይህን ሁሉ ሰምተው እንቢ ካሉ አክብረሽ ተመለሺ፣ ልጅቷን ግን ተደብቀሽ እንዳታመጫት። ስትያዙ የምትጎዳው እሷ ናት።

የነገውን ልምምድ ሰርዢውና አባትየው ጋ ሂጂ፣ ሳይመሽ፣ ከሥራ ገብተው ቡና ሲጠጡ። እሷ ትኑር አትኑር ሳይታወቅ ሦስቱን ዘፈን መምረጥ አትችሉም።